የጄኔቫ የጌጣጌጥ ጨረታ፦ ማየቱ በነጻ፣ መግዛቱ በስሌት

ጄኔቫ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦትና በኅዳር ወራት አካባቢ፣ ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ ውድ ጌጣጌጦች በመዶሻ የሚሸጡባት ከተማ ናት። ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ድርጅት የሮን ወንዝ ከጄኔቫ ሐይቅ በሚወጣበት ስፍራ በሚገኘው ሆቴል ዴ ቤርግ፣ ተፎካካሪው ሶዝቢስ ደግሞ ለዓመታት በዚያው ወንዝ ዳር ዝቅ ብሎ በሚገኘው በማንዳሪን ኦሪየንታል ሆቴል፣ ዕቃዎቹን አስቀድመው ለሕዝብ ካሳዩ በኋላ ያጫርታሉ። ፊሊፕስና ሌሎችም በዚያው ሰሞን የየራሳቸውን ሽያጭ ያካሂዳሉ። ይህ ጽሑፍ አገልግሎቱን ስለ አልማዝ የተለየ ዕውቀት በሌለው፣ ገንዘቡም ውስን በሆነ፣ ነገር ግን ለማወቅ በሚጓጓ ሰው ዓይን ይመዝናል። ፍርዴን ከወዲሁ ለማስቀመጥ፣ ዕይታው ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊማርበት የሚችል ድንቅ ዕድል ነው፤ ግዢው ግን ደንቡን መስመር በመስመር ላላነበበ ሰው ካሰበው በላይ ያስከፍላል፤ የዕቃዎቹን የባለቤትነት ታሪክ በማስረዳት በኩል ደግሞ አጫራቾቹ ገና ብዙ ይቀራቸዋል።

ብዙ ሰው ከጨረታው በፊት ወደሚደረገው ዕይታ ለመግባት ግብዣም ሆነ ክፍያ እንደማያስፈልግ አያውቅም። በሩ ላይ የቆሙት ጠባቂዎችና የሆቴሉ ዕብነ በረድ ሰውን ቢያስፈሩም፣ ቦርሳ ከተፈተሸ በኋላ ማንም ገብቶ እንደፈለገ መዘዋወር ይችላል። በሆቴል ዴ ቤርግ ያገኘሁት መስተንግዶ ከጠበቅሁት በላይ ነበር። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ከተደረደሩት መካከል አንድ የሰንፔር ቀለበት በቅርብ ማየት እንደምፈልግ ስናገር፣ ሠራተኛዋ ልብሴንም ጫማዬንም ሳታይ ሣጥኑን በቁልፍ ከፈተች፤ ቀለበቱን ጥቁር ከፋይ በለበሰ ትሪ ላይ አኖረችና አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር አቀበለችኝ። ድንጋዩን ወደ መብራቱ ዘንበል ሲያደርጉት በውስጡ እንደ ሐር የቀጠኑ፣ እርስ በርስ የሚቋረጡ ነጫጭ መስመሮች ይታያሉ። ሠራተኛዋ እንዳስረዳችኝ መስመሮቹ ሩቲል የተባለው ማዕድን በድንጋዩ ውስጥ የሠራቸው መርፌዎች ናቸው፤ ሰንፔሩ ቀለሙ እንዲያምር በከፍተኛ እሳት ቢታከም ኖሮ ይሟሙ ነበር። ስለዚህ ጀማሪው እንደ እንከን የሚቆጥረው ነገር፣ ለባለሙያው ድንጋዩ በእሳት እንዳልተነካ የሚያመለክት አንድ ምስክር ነው፤ ዋጋውንም የሚያንረው ይኸው ነው። ይህን በመጽሐፍ ከማንበብ ይልቅ በገዛ ዓይን አንድ ጊዜ ማየት ይበልጣል።

ቀጥሎ ያየሁት ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በነበረው ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራ የፕላቲንየም አምባር ነው። ሠራተኛዋ ጀርባውን ገልብጣ አሳየችኝ። ፊቱ በአልማዝ የተሸፈነ ሲሆን ጀርባውም እንደ ፊቱ የተለፋበት ነው፤ እያንዳንዷ ድንጋይ ብርሃን እንድታስገባ የተፈለፈለላት ቀዳዳ ጠርዙ ለስልሷል፤ መቆለፊያው አጠገብ ደግሞ ያለ ማጉያ የማይታይ የውሻ ራስ ምልክት ተመትቶበታል። የውሻ ራስ የፈረንሳይ መንግሥት የፕላቲንየም ማረጋገጫ ነው፤ ለ18 ካራት ወርቅ የሚመታው የንስር ራስ ነው። ፒያሳ ወርቅ ቤት ውስጥ ዋጋ የሚጀምረው ከሚዛን ነው፤ ግራሙ በዕለቱ ዋጋ ይባዛል፣ የእጅ ዋጋ ይታከልበታል፣ ቀሪው ክርክር ነው። እዚህ ግን ማዕድኑ ከጠቅላላው ዋጋ ትንሹ ድርሻ ሲሆን፣ ዋናውን ገንዘብ የሚበላው ሠሪው ማን ነው፣ ድንጋዩ ከየት ወጣ፣ ማን አጠለቀው የሚለው ጥያቄ ነው። ለዚህ ልዩነት ዓይኑን ያላስለመደ ሰው ካታሎግ ውስጥ የሚያየው ቁጥር ሁሉ እብደት ይመስለዋል።

ካታሎጉ በድረ ገጽ ላይ በነጻ የሚገኝ ሲሆን፣ እንደ ውል እንጂ እንደ ማስታወቂያ መነበብ የለበትም። ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር ዝቅተኛና ከፍተኛ ግምት ተጽፏል። ከዚህ ሌላ ሻጩና አጫራቹ በምስጢር የተስማሙበት፣ ከዚያ በታች ዕቃው የማይሸጥበት ዋጋ አለ፤ ይህ የተደበቀ ዋጋ ከዝቅተኛው ግምት መብለጥ አይችልም። ስለዚህ ዝቅተኛው ግምት 10,000 ፍራንክ የሆነ ቀለበት በ10,000 ወይም ከዚያ በጥቂቱ ባነሰ ዋጋ ሊሸጥ እንደሚችል ተጫራቹ ማወቅ ይችላል። አንዳንድ ዕቃዎች አጠገብ የሚታዩት ትናንሽ ምልክቶችም ያለ ምክንያት አልተቀመጡም። አንዱ ምልክት አጫራቹ ለሻጩ አስቀድሞ የተወሰነ ዋጋ ዋስትና መስጠቱን፣ ማለትም ድርጅቱ ራሱ በዕቃው ላይ የገንዘብ ጥቅም እንዳለው ያመለክታል፤ ሌላው ዕቃው ከቀረጥ ጋር የተያያዘ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። የምልክቶቹ ፍቺ የሚገኘው በካታሎጉ መጨረሻ፣ እጅግ ደቃቅ በሆነ ፊደል በተጻፈው የሽያጭ ደንብ ውስጥ ነው፤ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ምልክቱንና ፍቺውን አንድ ገጽ ላይ ማስቀመጥ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

ከካታሎጉ ይልቅ የሚታመነው የላቦራቶሪ ወረቀት ነው። ለአልማዝ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1931 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው የጂ አይ ኤ የተባለው የከበሩ ድንጋዮች ተቋም ምስክር ወረቀት ሲሆን፣ ለሰንፔር፣ ለሩቢና ለመረግድ ደግሞ ሁለቱ የስዊዘርላንድ ላቦራቶሪዎች፣ የሉሰርኑ ጉበሊንና የባዝሉ ኤስ ኤስ ኢ ኤፍ፣ ይከበራሉ። በወረቀቱ ላይ መፈለግ ያለባቸው ሁለት ነገሮች የድንጋዩ ምንጭና ሕክምናው ናቸው። ከካሽሚር የወጣ፣ በእሳት ያልታከመ ሰንፔር ተመሳሳይ መልክና ክብደት ካለው የሌላ አገር ሰንፔር ብዙ እጥፍ ሊያወጣ ይችላል፤ ምክንያቱም የካሽሚሩ ማዕድን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከተገኘ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዋናው ክምችቱ ተሟጧል። በመረግድ ላይ ደግሞ ስንጥቁን ለመሸፈን ዘይት ወይም ሙጫ ገብቶበት እንደሆነና መጠኑ ምን ያህል እንደሆነ ይጻፋል። ወረቀት የሌለው ባለቀለም ድንጋይ ታክሟል ተብሎ እንደሚገመት ደንቡ ራሱ ይናገራል፤ ይህን ያላነበበ ገዢ በኋላ ቢከራከር የሚሰማው የለም። ስለ ዕቃው ሁኔታ የሚገልጽ ዘገባም በጥያቄ በነጻ ይላካል፤ የተሸረፈ ጠርዝ፣ የተተካ መቆለፊያ፣ ጠብቦ ወይም ሰፍቶ የነበረ ቀለበት በዚህ ውስጥ ይገኛል። የጠየቅኋቸው ዘገባዎች በማግስቱ ደርሰውኛል፤ ከፎቶግራፉ ያላየሁትንም ነገር ነግረውኛል።

ሽያጩ ራሱ ከሚታሰበው ፈጣን ነው። በአዳራሹ የተቀመጠው ሰው ብዙ አይደለም፤ ከጎን በረጅም ጠረጴዛ ኋላ የተደረደሩት ሠራተኞች በስልክ ከሆንግ ኮንግ፣ ከዱባይና ከኒው ዮርክ ደንበኞች ጋር በየቋንቋው እየተንሾካሾኩ እጃቸውን ያነሣሉ፤ በኢንተርኔት የሚጫረተው ደግሞ በማያ ገጽ ላይ ብቻ ይታያል። ዋጋው በአብዛኛው ወደ 10 በመቶ በሚጠጋ ደረጃ ይወጣል፤ ከ1,000 እስከ 2,000 ባለው መካከል በ100፣ ከ5,000 እስከ 10,000 ባለው መካከል በ500 ይጨምራል። አጫራቹ አልፎ አልፎ ማንም እጁን ሳያነሣ ዋጋ ሲጠራ ይሰማል። ይህ ማጭበርበር ሳይሆን በደንቡ የተጻፈ መብት ነው፤ ዋጋው የተደበቀው ወለል ላይ እስኪደርስ ድረስ አጫራቹ በሻጩ ስም መጥራት ይችላል፤ ከወለሉ በላይ ግን አይችልም። ሕጋዊ ቢሆንም ለዓይን አያምርም፤ ጀማሪው ከሰው ጋር እየተፎካከረ ያለ እየመሰለው ከግድግዳ ጋር ሊፎካከር ይችላል። አገር ቤት የባንክ ሐራጅ ላይ ተጫርቶ የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ የመነሻ ዋጋውን አንድ አራተኛ በሲፒኦ አስይዞ መግባቱን ያስታውሳል። እዚህ ለአነስተኛ ዕቃ የሚጠየቀው ፓስፖርትና የመኖሪያ አድራሻ ማስረጃ ሲሆን፣ የባንክ ማረጋገጫ ወይም ተቀማጭ የሚጠየቀው ዋጋው ሲከብድ ነው። ይህ መግባቱን ቀላል ያደርገዋል፤ ነገር ግን መዶሻው ከወደቀ በኋላ ውል ተፈጽሟልና ሐሳብን መቀየር አይቻልም።

በስልክ የመጫረት ልማድ የራሱ ታዋቂ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1987 ሶዝቢስ የቀድሞው የእንግሊዝ ንጉሥ የኤድዋርድ 8ኛ ሚስት የዊንድዘር ዱቼስ የነበሩትን ጌጣጌጦች እዚሁ ጄኔቫ በሐይቁ ዳርቻ ሲሸጥ፣ ተዋናይቷ ኤልዛቤት ቴይለር ከአሜሪካ በስልክ ተጫርታ አንድ የአልማዝ የደረት ጌጥ ከ600 ሺህ ዶላር በላይ ገዝታለች፤ የዚያ ሽያጭ ጠቅላላ ገቢ ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የእርሷ ስብስብ በተራው በታኅሣሥ 2011 ኒው ዮርክ ላይ በክሪስቲስ ሲሸጥ፣ በ1969 በ37 ሺህ ዶላር ተገዝቶ የነበረው ላ ፔሬግሪና የተባለው ጥንታዊ ሉል 11.8 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው መዶሻው የወደቀበት ዋጋ የሚከፈለው ዋጋ አለመሆኑን ነው። ሁለቱ ትልልቅ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1975 ለንደን ላይ ገዢውን 10 በመቶ ኮሚሽን ማስከፈል ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እየወጣ መጥቷል። ክሪስቲስ በ2023 ባወጣው ሠንጠረዥ እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ባለው ዋጋ ላይ 26 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 6 ሚሊዮን ባለው ላይ 20 በመቶ፣ ከዚያም በላይ 14.5 በመቶ ወስኗል። ሶዝቢስ በ2024 ኮሚሽኑን ወደ 20 በመቶ ዝቅ አድርጎ ብዙ ከተወራለት በኋላ፣ በዓመቱ ሐሳቡን ቀይሮ እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር ባለው ላይ 27 በመቶ አድርጎታል። ሠንጠረዡ ስለሚቀያየር ከመጫረት በፊት የዕለቱን ማየት ግድ ነው። የእነዚህ ደረጃዎች ነገር ግልጽ ነው፤ ከፍተኛውን መቶኛ የሚሸከመው ሚሊየነሩ ሳይሆን የአምስት ሺህ ፍራንክ ቀለበት የሚገዛው ሰው ነው።

ስሌቱን በአንድ ምሳሌ እንየው። ቀለበቱ በ5,000 ፍራንክ ተመታ እንበል። 26 በመቶ ኮሚሽን 1,300 ፍራንክ ሲሆን ድምሩ 6,300 ይሆናል። በስዊዘርላንድ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ2024 ጀምሮ 8.1 በመቶ ነው፤ ታክሱ በኮሚሽኑ ላይ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ ወደ 105 ፍራንክ ይጨምራል፤ ዕቃው በካታሎጉ ላይ በዋናው ዋጋም ላይ ታክስ እንዳለበት የሚያሳይ ምልክት ካለው ግን ጭማሪው ወደ 510 ከፍ ብሎ ጠቅላላው ከ6,800 ፍራንክ ያልፋል። ዕቃውን ከአገር የሚያስወጣ ሰው ደንቡን አሟልቶ ታክሱን ማስመለስ ይችላል፤ ሆኖም የማጓጓዣውንና የኢንሹራንሱን፣ በሚያስገባበት አገር ጉምሩክ የሚጠየቀውንም ቀረጥ ራሱ ይችላል። የዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ቅርፊት ወይም አንዳንድ ዓይነት መርጃን (ኮራል) ያለበት ጌጥ ደግሞ ልዩ ፈቃድ ካልወጣለት ድንበር ላያልፍ ይችላል። እኔ በመስመር ላይ ለሚካሄደው ሽያጭ ተመዝግቤ ለአንዲት ትንሽ የጆሮ ጌጥ ስጫረት፣ ጣራዬን የወሰንኩት ከመጨረሻው ድምር ወደ ኋላ በመቁጠር ነበር፤ ጣራው ላይ ስንደርስ ሌላ ሰው በለጠኝ፤ ነገሩም በዚያው አበቃ። ምዝገባው፣ ማሳወቂያውና የማያ ገጹ አሠራር እንከን አልነበረባቸውም።

ስለ ኮሚሽን ከተነሣ አይቀር፣ እነዚህ ሁለት ተፎካካሪዎች ከሻጮች የሚቀበሉትን ክፍያ በምስጢር ተስማምተው እንደወሰኑ በ2000 መጋለጡን ገዢው ማስታወስ አለበት። የሶዝቢስ ሊቀ መንበር የነበሩት አልፍሬድ ታውብማን በ2001 ጥፋተኛ ተብለው ታስረዋል፤ ድርጅቶቹም ለደንበኞቻቸው 512 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። ታሪኩ ያለፈ ነው፤ ዛሬ ሁለቱም የግለሰብ ባለሀብቶች ንብረት ናቸው፤ ክሪስቲስ ከ1998 ጀምሮ የፈረንሳዊው የፍራንሷ ፒኖ፣ ሶዝቢስ ከ2019 ጀምሮ የፓትሪክ ድራሂ። ዕድሜ ጠገብነታቸው፣ ማለትም ሶዝቢስ ከ1744፣ ክሪስቲስ ከ1766 ጀምሮ መኖሩ፣ ብቻውን የመታመን ዋስትና አይሆንም ለማለት ነው።

ጌጣጌጥ በጨረታ መግዛት ትርፋማ ኢንቨስትመንት ነው ብለው የሚነግሩን ሰዎች የሚጠቅሷቸው ሁልጊዜ የወጡትን እንጂ የወረዱትን አይደለም። እውነት ነው፣ የፈረንሳይዋ ንግሥት የማሪ አንቷኔት የነበረች አንዲት ሉል በኅዳር 2018 እዚሁ ጄኔቫ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር ተገምታ 36 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶባታል። ነገር ግን ሜሎን ብሉ የተባለውን 9.51 ካራት ሰማያዊ አልማዝ እንውሰድ፦ በ2014 ኒው ዮርክ ላይ 32.6 ሚሊዮን ዶላር የተከፈለበት ይኸው ድንጋይ በኅዳር 2025 ሆቴል ዴ ቤርግ ውስጥ በ25.6 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። የዋጋ ግሽበቱን ትተን በአኃዙ ብቻ እንኳ ሰባት ሚሊዮን ዶላር ቀልጧል፤ በዚያ ላይ የሁለቱም ጊዜ ኮሚሽን በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ስላለ ሻጩ እጅ የገባው ከዚህም ያነሰ ነው። ፒንክ ስታር የተባለው 59.60 ካራት ሮዝ አልማዝ ደግሞ በ2013 ጄኔቫ ላይ በ83 ሚሊዮን ዶላር ተሽጦ ዓለም ከተደነቀ በኋላ ገዢው ገንዘቡን ማቅረብ አልቻለም፤ ለሻጩ ዋስትና ሰጥቶ የነበረው ሶዝቢስ ድንጋዩን ይዞ ቆይቶ በሚያዝያ 2017 ሆንግ ኮንግ ላይ በ71.2 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። በዜና የሚነገር ዋጋ ሁሉ የተከፈለ ዋጋ ላይሆን ይችላል።

ቅሬታዬ የሚከብደው ግን ገንዘቡ ላይ ሳይሆን የባለቤትነት ታሪክ በሚቀርብበት መንገድ ላይ ነው። ታሪኩ ዋጋ የሚጨምር ሲሆን፣ ለምሳሌ ንግሥት ያጠለቀችው ከሆነ፣ ካታሎጉ ገጾችን ይሰጠዋል፤ ታሪኩ የሚያሳፍር ወይም ያልታወቀ ሲሆን ግን «የአንድ የአውሮፓ ቤተሰብ ንብረት» በሚል አንድ መስመር ይታለፋል። ክሪስቲስ በግንቦት 2023 የኦስትሪያዊቷን ባለጸጋ የሃይዲ ሆርተንን ጌጣጌጦች እዚሁ ጄኔቫ ሲሸጥ 202 ሚሊዮን ዶላር ያህል ቢያገኝም፣ የባሏ ሀብት የተመሠረተው በናዚ ዘመን ከአይሁድ ነጋዴዎች በግዴታ በተሸጡ ድርጅቶች ላይ መሆኑን ያነሡ ተቃዋሚዎች በርትተውበት፣ የቀረውን የስብስቡን ክፍል ለመሸጥ ይዞት የነበረውን ዕቅድ ከወራት በኋላ ሰርዟል።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ከመቅደላ የዘረፈውን ዕቃ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ካወረደ በኋላ፣ በሚያዝያ 1868 ለሁለት ቀናት ያከፋፈለው በጨረታ ነው። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላኩት ሪቻርድ ሆምስ በቦታው ተገኝተው ለሙዚየማቸው ገዝተዋል፤ የተሰበሰበው ወደ 5,000 ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ ለወታደሮቹ ተከፋፍሏል። ከዚያ ጨረታ በግለሰብ እጅ የገቡ ዕቃዎች ዛሬም ብቅ ይላሉ፤ በ2021 እንግሊዝ ዶርሴት ውስጥ አንድ አነስተኛ አጫራች ለሽያጭ አቅርቧቸው የነበሩ የመቅደላ ቅርሶች የኢትዮጵያ ኤምባሲ ባቀረበው ጥያቄ ከሽያጭ ወጥተው በኋላ ተመልሰዋል። ጄኔቫም የራሷ ምሳሌ አላት። የአፄ ኃይለ ሥላሴ የነበረ የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት በ2015 በክሪስቲስ ሊሸጥ ሲል የባለቤትነት ጥያቄ ተነሥቶበት ከሽያጭ ወጣ፤ በግንቦት 2017 ግን ተመልሶ ቀርቦ ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ዕቃው ከባለቤቱ እጅ እንዴት እንደወጣ መጠየቅ የገዢው መብት ነው፤ መልሱም በአንድ መስመር ሊያልቅ አይገባም።

ደላንታ ዛሬ የሚታወቀው በሌላ ነገር ነው። ከ2008 ጀምሮ ወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው ኦፓል በዓለም ገበያ ስም አውጥቷል፤ በጄኔቫ ትልልቅ ሽያጮች ብዙም ባይታይም በኢንተርኔት ብቻ በሚሠሩ አነስተኛ ጨረታዎች ላይ ግን ሞልቷል። ድንጋዩ ውኃ ይመጥጣል፤ ሲርስ ቀለሙ ጠፍቶ መስታወት ይመስላል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ይኸው መጣጭነቱ ጭስና ቀለም በቀላሉ እንዲያስገባ ስለሚያደርገው ጥቁር ተብሎ የሚሸጠው የኢትዮጵያ ኦፓል ብዙ ጊዜ በጭስ የጠቆረ ነው። ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ የኢንተርኔት አጫራች «የተፈጥሮ ጥቁር» ተብሎ የተገለጸ ባለኦፓል ቀለበት ገዝቼ ለባለሙያ ባሳይ፣ ጥቁረቱ ከላይኛው ቆዳ እንደማያልፍ በማጉያ አሳየኝ። ከብዙ ደብዳቤ በኋላ መዶሻው የወደቀበት ዋጋ ሲመለስልኝ ኮሚሽኑና የማጓጓዣው ሒሳብ ግን ቀርቷል። ትልልቆቹ ድርጅቶች በካታሎጉ ዋና መግለጫ ላይ ለጻፉት ነገር የአምስት ዓመት የትክክለኛነት ዋስትና ይሰጣሉ፤ ከኮሚሽናቸው ውድነት አንጻር ለዚህ ዋስትና የሚከፈለው ገንዘብ ይገባቸዋል እላለሁ።

ጄኔቫ ድረስ መሄድ ለማይችል ሰው በየዓመቱ የተመረጡ ዕቃዎች ከሽያጩ በፊት በሌሎች ከተሞች ይታያሉ፤ በዋሽንግተንና በአካባቢው ለሚኖር ደግሞ የሚቀርበው ኒው ዮርክ ሮክፌለር ሴንተር የሚገኘው የክሪስቲስ አዳራሽ ሲሆን፣ ትልልቆቹ የጌጣጌጥ ሽያጮች በሰኔና በታኅሣሥ አካባቢ ይካሄዳሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ሕዝብ ከሚበዛበት ከቅዳሜና እሑድ ይልቅ በሥራ ቀን ጠዋት ቢገባ ሠራተኞቹ ለማስረዳት ጊዜ ይኖራቸዋል። ከካታሎጉ ጥቂት ዕቃዎችን መርጦ፣ ዘገባቸውን አስቀድሞ ጠይቆ፣ በዕይታው ላይ በማጉያ አይቶ፣ የራሱን ግምት ጽፎ ከሽያጩ በኋላ ከውጤቱ ጋር ቢያስተያይ አንድ ሳንቲም ሳያወጣ ብዙ ይማራል። ሲያስተያይ ግን በድረ ገጹ ላይ የሚወጣው ውጤት ኮሚሽኑን የጨመረ፣ በካታሎጉ ላይ ያለው ግምት ግን ኮሚሽኑን ያልጨመረ መሆኑን ልብ ማለት አለበት፤ 6,300 ተብሎ የተመዘገበው ቀለበት ከ5,000 እስከ 7,000 ከተገመተ የተመታው በግምቱ ወለል ላይ ነው።